የአኳሪየም ዓሳ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲሞት፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ምን እናድርግ

ማታ ደህና ነበሩ። ጠዋት ስትነሱ ሁለቱ ሞተው ተንሳፍፈዋል፣ የቀሩት ደግሞ አፋቸውን ወደ ላይ አቅንተው አየር ይጎርሳሉ። ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልዲያም የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄው ነው፦ «ምንም ሳላደርጋቸው ሞቱ፣ መድኃኒቱ ምንድነው?»

ከዚያ በኋላ የሚደረገውም ተመሳሳይ ነው። ሰው ይደነግጣል፣ ውሃውን በሙሉ ይደፋል፣ ጠጠሩን በፈላ ውሃ ያጥባል፣ ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) በኦሞ ይፈትጋል፣ ከዚያ አዲስ ውሃ ሞልቶ የተረፉትን ይመልሳል። በሳምንት በሁለት ሳምንት እነሱም ያልቃሉ። እኔ ደሴ ላይ የመጀመሪያ አኳሪየሜን አራት ጊዜ እንዲህ አጥቤዋለሁ። ዓሳዎቹን የጨረሳቸው እጥበቱ ራሱ እንደነበር የገባኝ ግን በጣም ቆይቶ ነው፤ አሁንም ሳስታውሰው ያመኛል። ይህን የምጽፈው እናንተ እዚያ እንዳትደርሱ ነው።

ምክንያቱ አልታወቀም ከሚባለው ሞት አብዛኛው የሚመጣው ከውሃው ወይም ከቤቱ ነው። በሽታ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

## አሁኑኑ ማድረግ የሌለባችሁ

- ውሃውን በሙሉ አትድፉ።
- ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ። በኦሞ ወይም በበረኪና ደግሞ በጭራሽ።
- የሰው ካፕሱል (ቴትራሳይክሊን፣ አሞክሳሲሊን) ፈትታችሁ አትበትኑበት። በሽታውን ሳታውቁ የምትሰጡት መድኃኒት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ሊገድል ይችላል።
- ለ24 ሰዓት ምግብ አትስጡ። ጤነኛ ትልቅ ዓሳ ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም።
- ምክንያቱ ሳይገኝ አዲስ ዓሳ አትጨምሩ።

እጥበቱ ለምን እንደሚገድል ላስረዳ፣ ይህን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ስለሚያጥብ። ዓሳ ሲተነፍስ አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ አኳሪየም ውስጥ በደንብ ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፣ እንደ ደሴ ባለ ብርድ ውሃው ካልሞቀ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ሁሉንም ፈትጋችሁ ስትጨርሱ ቤቱ ያምራል፣ ባክቴሪያው ግን የለም፣ ዓሳው በራሱ አሞኒያ ይመረዛል።

## በእጃችሁ መኖር ያለበት

ዓሳው ደህና ሳለ አዘጋጁት። ሲታመም ፍለጋ አይወጣም።

- ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተዘጋጀ ውሃ፣ ማለትም ክሎሪኑ እንዲወጣ እርከን 5 ላይ እንዳለው ለ24 ሰዓት የቆየ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህ ግዴታ ነው።
- ሳሙና ነክቶት የማያውቅ፣ ለዓሳ ብቻ የተለየ የፕላስቲክ ባልዲ።
- ቴርሞሜትር።
- በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ።
- አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ይሆናል) የሚለካ ኪት። በጠብታ የሚሠራው ከወረቀቱ ይሻላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጡ፣ የሚያበቃበትን ቀን ግን አይቶ ይግዛ።
- 2 ሜትር ንጹሕ ጎማ፣ ጨው፣ ደብተር።

የአኳሪየማችሁን ሊትርም አሁኑኑ አስሉ። ርዝመት በስፋት በከፍታ በሴንቲሜትር አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 60 በ30 በ35 ከሆነ 63 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩና ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ሲቀነስ እውነተኛው ውሃ 50 ሊትር አካባቢ ነው። መድኃኒትም ጨውም የሚሰላው በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነው።

## እርከን 1፦ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች

1. ቴርሞሜትሩን አንብባችሁ ጻፉ።
2. እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን በሙሉ ከሶኬት ንቀሉ። የተሰነጠቀ ሂተር ሰውም ይገድላል። ሂተሩን ከውሃ ማውጣት ካስፈለገ ከነቀላችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ አለበለዚያ መስታወቱ ይሰነጠቃል።
3. የሞተውን አውጡና የቀሩትን ቁጠሩ። ቁጥሩ ከጎደለ ከፊልተሩ ጀርባ፣ ከድንጋይ ሥር ፈልጉ። ተደብቆ የበሰበሰ አንድ ዓሳ ሌሎቹን ይጨርሳል።
4. እቃው ደህና ከሆነ መልሳችሁ ሰኩና አየር ጨምሩ። የፊልተሩን መውጫ ወደ ውሃው ገጽ አዙሩት፣ ገጹ እየተንቀጠቀጠ ይታይ። ፓምፕ ከሌለ በንጹሕ ጣሳ እየቀዳችሁ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ።
5. የተዘጋጀ ውሃ ካለ ከ25 እስከ 30 በመቶ ቀይሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ለወራት ውሃው ሳይቀየር የቆየ አኳሪየም ከሆነ 10 በመቶ ብቻ። ምክንያቱን እርከን 3 ላይ ታገኙታላችሁ።
6. መብራቱን አጥፉ፣ ልጆቹ መስታወቱን እንዳያንኳኩ ንገሯቸው።

አየሩን ለምን እንዳስቀደምኩ ልንገራችሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ ደሴ ላይ ግን 6 አካባቢ ነው። በውጭ አገር መጽሐፍና ቪዲዮ «ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሳ ይችላል» የሚባለው ለእኛ ደጋ አይሠራም። ቢያንስ በሩብ ቀንሱት።

## እርከን 2፦ አሟሟታቸውን አንብቡ

ደብተሩን ክፈቱ። ስንት ሞተ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ቀደመ፣ ምን ምልክት ነበረው?

በአንድ ሌሊት ብዙ ከሞተ፦ መርዝ፣ የኦክስጅን እጥረት ወይም ድንገተኛ ብርድ ነው። በሽታ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይቸኩልም።

በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ከሆነ፦ አሞኒያ፣ ናይትራይት ወይም የሚተላለፍ በሽታ።

በወር አንድ ከሆነ፦ እርጅና፣ መጨናነቅ ወይም ቀስ ብሎ የሚያከሳ በሽታ።

ትልልቆቹ ቀድመው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ከሞቱ፦ የኦክስጅን እጥረትን ጠርጥሩ። ሌሊት ዕፅዋቱም ኦክስጅን ይጠቀማሉ፣ ስለዚህ ሊነጋ ሲል ውሃው በጣም ይደኸያል።

ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ካላችሁ፣ ሽሪምፖቹ ቀድመው ካለቁ፦ የነፍሳት መርዝ ወይም መዳብ ገብቷል።

ከዚያ ስንጥቡን እዩ፣ ከጭንቅላቱ ጎን እየተከፈተና እየተዘጋ የሚተነፍስበትን ማለቴ ነው። ተቆጥቶ ደም ከመሰለ አሞኒያ ነው። የቡና ቀለም ካመጣ ናይትራይት ነው፣ ምክንያቱም ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ከገረጣ ጥገኛ ሕዋስ ሊሆን ይችላል። ይህን ገና በሕይወት ባለው ወይም አሁን በሞተው ላይ ነው የምታዩት፤ ከሞተ ሰዓታት ያለፈው ቀለሙ ስለሚለወጥ ያሳስታል።

## እርከን 3፦ ውሃውን መርምሩ

ኪት ካላችሁ የሚፈለገው ቁጥር ይህ ነው (ከፒኤች በቀር ሁሉም በሊትር ሚሊግራም ነው)። አሞኒያ 0። ናይትራይት 0። ናይትሬት ከ40 በታች። ፒኤች ከ6.5 እስከ 8። አሞኒያ 0.25 ከደረሰ ሥራ ጀምሩ፣ 1 ካለፈ አደጋ ነው። የሞቀና ፒኤቹ ከፍ ያለ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ይበልጥ ይመርዛል።

ኪት ከሌላችሁ ደግሞ የባልዲ ፈተናውን ሥሩ። ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜም እውነቱን ይናገራል።

1. ክሎሪኑ የወጣለትን ውሃ በዓሳው ባልዲ አድርጉ።
2. ሙቀቱን ከአኳሪየሙ ጋር እኩል አድርጉ። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ አይብለጥ።
3. የአየር ፓምፕ አስገቡ።
4. ከታመሙት አንዱን በጣም ሳይደክም ወደ ባልዲው አዛውሩ።
5. ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተመልከቱት።

አተነፋፈሱ ከተረጋጋ ችግሩ የአኳሪየሙ ውሃ ውስጥ ነው። ለውጥ ከሌለ ስንጥቡ ተጎድቷል ወይም በሽታ ነው። የባሰበት ከሆነ ደግሞ የባልዲው ውሃ ራሱ ችግር አለበት ማለት ነው፣ ያንን ውሃ አኳሪየሙ ውስጥ አትጨምሩት!

አሁን ወደዚያ 10 በመቶ። ለወራት ውሃው ያልተቀየረ አኳሪየም ፒኤቹ እየወረደ ይሄዳል። ፒኤች ዝቅ ሲል አሞኒያው ብዙም ወደማይጎዳ ዓይነት ስለሚለወጥ፣ ዓሳው በቆሻሻ ውስጥ ደህና መስሎ ይኖራል። እንግዳ ሊመጣ ነው ብላችሁ ግማሹን ውሃ በአንዴ ስትቀይሩ ፒኤቹ ዘሎ ይወጣል፣ ተከማችቶ የነበረውም አሞኒያ መርዝነቱ ይመለሳል። «አጽድቼላቸው በማግስቱ ሞቱ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለ አኳሪየም በቀን 10 በመቶ፣ ለ10 ቀን።

## እርከን 4፦ ባለፉት 3 ቀናት ቤት ውስጥ ምን ሆነ?

ይህን እርከን ሰዎች ይዘሉታል። እኔ ግን መልሱን ብዙ ጊዜ ያገኘሁት እዚህ ነው። ብቻችሁን አትገምቱ፣ እማማንም ልጆቹንም የቤት ሠራተኛዋንም ሳትቆጡ ጠይቁ። ከተቆጣችሁ ማንም እውነቱን አይነግራችሁም።

የነፍሳት መርዝ። ለበረሮ፣ ለትንኝ፣ ለቁንጫ የሚረጨው ፍሊት ለሰው ብዙም ባይከብድ ለዓሳ ግን በጣም ጥቂቱ ይበቃዋል። የአየር ፓምፑ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ነው የሚነፋው። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ሌላውም የወባ አካባቢ ያላችሁ፣ የወባ ርጭት ቡድን ሲመጣ ዓሳዎቹን በራሳቸው ውሃ በባልዲ አድርጋችሁ ከፊልተሩ ስፖንጅና ከአየር ፓምፑ ጋር ያልተረጨ ጎረቤት ቤት አሳድሩ። አኳሪየሙን በላስቲክ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ቤቱ ሙሉ ቀን ከተናፈሰና ክዳኑ ከተወለወለ በኋላ መልሷቸው።

አጎበር። ይህችን ልብ በሉልኝ። ከአሮጌ አጎበር ተቀድዶ የተሠራ የዓሳ ማውጫ መረብ በብዙ ቤት አይቻለሁ። አጎበሩ በነፍሳት መርዝ የተነከረ ነው፣ ያ መርዝ ደግሞ ዓሳን ይገድላል። ዓሳውን ለማዳን ስታወጡት ትመርዙታላችሁ። የሻይ ማጥለያ ይሻላል።

ክሎሪን። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያውን አትቅዱ፣ ጭቃም ሊኖረው ክሎሪኑም ሊበዛ ይችላል። ውሃ አጋር የተጨመረበት የመጠጥ ውሃ ለዓሳ አይሆንም። ሮቶው በቅርቡ በክሎሪን ታጥቦ እንደሆነም ጠይቁ።

ጭስ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ እጣኑ ይጨሳል፣ ወይባ የሚሞቅበት ቤትም አለ። ይህ አይቅር፣ የእኛ ነው። የአየር ፓምፑን ግን ጭስ ወደሌለበት ክፍል ውሰዱትና በረጅም ቱቦ አምጡት። ውሃው ላይ የዘይት የመሰለ ስስ ሽፋን ካያችሁ ንጹሕ የወረቀት ሶፍት ገጹ ላይ አጋድማችሁ አንሱት፣ ያ ሽፋን ኦክስጅን እንዳይገባ ያግዳል።

እጅ። ሎሽን፣ የፀጉር ቅባት፣ የሳሙና ትራፊ። ከማስገባታችሁ በፊት በውሃ ብቻ ደጋግማችሁ ታጠቡ።

አዲስ ዕቃ። አኳሪየሙ እዚሁ መስታወት ቤት የተሠራ ከሆነ በምን ሲሊኮን እንደተጣበቀ ጠይቁ። ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ዓሳ ይገድላል። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ይለቃል። ከቦርከና ዳር የለቀማችሁት ድንጋይ ካለ አውጡትና ደረቁ ላይ ጥቂት አቼቶ አፍስሱበት፤ አረፋ ከሠራ ኖራነት አለውና ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። ድንጋይ እሳት ላይ አታግሉ፣ ይፈነዳል።

ምግብ። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ማን ሰጠ? ልጆች በፍቅር ይሰጣሉ። በ2 ደቂቃ ተበልቶ የማያልቅ ምግብ ሁሉ ነገ አሞኒያ ነው።

መርዝ መግባቱን ካመናችሁ ከላይ ያልኩት 30 በመቶ አይበቃም። በተዘጋጀ ውሃ 50 በመቶ ቀይሩ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ድገሙት፣ ፊልተሩ ውስጥ ለአኳሪየም የሚሸጠውን አክቲቬትድ ካርቦን (መርዝ የሚመጥ ልዩ ከሰል) ጨምሩ። የምድጃ ከሰል ያንን ሥራ አይሠራም፣ አትሞክሩት።

## እርከን 5፦ ውሃውን በትክክል ቀይሩ

1. የቧንቧውን ውሃ በሰፊ ዕቃ አድርጋችሁ በአየር ፓምፕ እያናጣችሁ 24 ሰዓት አቆዩ። ክሎሪኑ ይወጣል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነም አቆዩት፣ ከጥልቅ የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ ኦክስጅኑ ጥቂት ነው።
2. ከቸኮላችሁና ክሎሪን የሚያጠፋ የአኳሪየም ማከሚያ ከሌላችሁ 20 ደቂቃ አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ በፓምፕ ወይም ከባልዲ ባልዲ እየገለበጣችሁ አየር መልሱለት። የፈላ ውሃ ኦክስጅኑ አልቋል።
3. ሙቀቱን አመሳስሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ የደሴ ቧንቧ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ያንን በቀጥታ 25 ዲግሪ ላይ ማፍሰስ ራሱ ገዳይ ነው። ከፈላው ጥቂት እየቀላቀላችሁ በቴርሞሜትር ለኩ፣ በእጅ አትገምቱ።
4. ጎማውን በውሃ ሞልታችሁ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ዝጉ፣ አንዱን አኳሪየም ውስጥ ሌላውን ዝቅ ብሎ ባልዲ ውስጥ ልቀቁ። በአፍ አትሳቡ።
5. የጠጠሩን ቆሻሻ እየሳባችሁ አውጡ፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን በሚቀጥለው ሳምንት።
6. ስፖንጁን ካወጣችሁት በአኳሪየሙ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ ይቅር። ቡናማው ነው ጠቃሚው።
7. አዲሱን ውሃ ቀስ ብላችሁ፣ በ20 ደቂቃ አስገቡ።

አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከታየ ሁለቱም 0 እስኪሆኑ በየቀኑ 25 በመቶ። ናይትራይት ከሆነ በሊትር 1 ግራም ጨውም ይረዳል፣ ለ50 ሊትር 50 ግራም መሆኑ ነው፣ ማለትም ወደ 9 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ። የቤቱ አዮዲን ያለበት ጨው በዚህ መጠን አይጎዳም። አሞሌ ከሆነ ግን አፈር ስላለበት በሌላ ዕቃ ሟሙቶ፣ ዘቅጦ፣ ከላይ የጠራው ብቻ ይወሰድ።

## እርከን 6፦ ውሃው ደህና ሆኖ አሁንም ከታመሙ

እዚህ ስትደርሱ ብቻ ነው ስለ በሽታ የምናወራው።

ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ። ጥገኛ ሕዋስ ነው። ነጥቡ ቆዳ ሥር እያለ ምንም አይነካውም፤ የሚገደለው ወርዶ፣ ተባዝቶ፣ ሌላ ዓሳ ፍለጋ ሲዋኝ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ቀናት ይወስዳል።

1. አየሩን መጀመሪያ አጠንክሩ። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከመነሻውም ጥቂት ነው።
2. በየ6 ሰዓቱ 1 ዲግሪ እየጨመራችሁ እስከ 29 አድርሱ። ጎልድፊሽ ከሆነ ከ26 አትለፉ።
3. በሊትር 2 ግራም ጨው ለሦስት ከፍላችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በሌላ ዕቃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ቅርፊት የሌላቸው እንደ አምባዛ ዘመድ ያሉት፣ ዕፅዋትም፣ ጨው ይከብዳቸዋልና ለነሱ በግማሹ ጀምሩ።
4. በየሁለት ቀኑ ጠጠሩን ሳቡ። የወጣውን ውሃ ያህል ብቻ ጨው ተኩ፤ ጨው አይተንም።
5. የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም 7 ቀን ቀጥሉ። በአራተኛው ቀን «ድነዋል» ብሎ ያቆመ ሰው በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ይጀምራል።

አፍና ጀርባ ላይ ግራጫ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ንጣፍ፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ የሚገድል። ይህ ባክቴሪያ ነው። ከላይኛው ጋር እንዳታምታቱት፣ ሙቀት ያባብሰዋል። የታመመውን ለዩት፣ ውሃውን ወደ 23 እና 24 ዲግሪ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝላችሁ።

ክንፉ እየተበላ የሚያጥር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ቀይሩ፣ እርስ በርስ እየተነካከሱ እንደሆነም እዩ። ብዙው በዚህ ብቻ ይድናል።

ድንጋይ ላይ የሚታከክ፣ በአንድ ወገን ስንጥብ ብቻ የሚተነፍስ። የስንጥብ ትል ጠርጥሩ። ፕራዚኳንቴል፣ ለብልሃርዝያ የሚሰጠው፣ ይሠራበታል፤ መጠኑን ግን ከሐኪም ጋር።

ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ የቆመ። ውስጡ ከተጎዳ ቆይቷል። ለዩት፣ ማዳን ግን ከባድ ነው።

የሚከሳ፣ ጀርባው የሚጎብጥ። የዓሳ ነቀርሳ (የቲቢ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ እንጂ ካንሰር አይደለም) ሊሆን ይችላል። በተቆረጠ እጅ በኩል ወደ ሰው ቆዳም ይገባል። ቁስል ካላችሁ ጓንት አድርጉ። ጎማ በአፍ አትሳቡ ያልኩትም ለዚህ ጭምር ነው።

## እርከን 7፦ መብራት ሲጠፋ

- ምግብ አቁሙ። የባትሪ ፓምፑን ክፈቱ። ከሌለ በየ15 ደቂቃው በጣሳ አናፍሱ።
- ደጋ ከሆናችሁ ሦስቱን ጎን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ላዩ ለአየር ክፍት ይሁን። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፍፉ። የሃይላንዱን ውጭ ቀድማችሁ እጠቡ።
- ከ3 እና 4 ሰዓት በላይ ከጠፋ የተዘጋ ፊልተር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በኦክስጅን እጦት መሞት ይጀምራል። መብራት ሲመጣ እንደነበረ አትክፈቱት፣ ውስጡ የቆመው የሸተተ ውሃ ወደ ዓሳዎቹ ይሄዳል። ያንን ድፉ፣ ስፖንጁን በአኳሪየም ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ ክፈቱ። ለቀጣዮቹ 3 ቀናት አሞኒያ ለኩ።

## እርከን 8፦ አዲስ ዓሳ ከመንገድ ሲመጣ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሸዋሮቢት ቆላ ይወርዳል፣ መልሶ ወደ ደሴ ይወጣል። ዓሳው የሚመጣበት ፌስታል ጢም ብሎ በአየር ከተነፋ ጣርማ በር ላይ ይወጠራል። አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ቀሪው አየር፣ ትንሽ ላላ ብሎ ይታሰር፣ ድርብ ይሁን። በጋቢ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ከሾፌሩ ጎን ሞተሩ አጠገብ አይደረግ።

ቤት ሲደርስ ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ከከፈታችሁ በኋላ አትዘግዩ። በመንገድ የተጠራቀመው አሞኒያ ፌስታሉ ተዘግቶ እያለ ብዙም አይጎዳም፣ ሲከፈት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ይመርዛል። ዓሳውን በእርጥብ ማጥለያ አውጥታችሁ አስገቡ፣ የፌስታሉን ውሃ ድፉ።

የምታስገቡት ደግሞ ወደ ዋናው አኳሪየም አይደለም። ባለ 20 ሊትር ፕላስቲክ ዕቃ ከስፖንጅ ፊልተርና ከሂተር ጋር፣ ለ3 እስከ 4 ሳምንት። ከሐይቅ የተያዘ የቆሮሶ ጫጩት ለልጆች ብላችሁ የምታመጡም አላችሁ። ጥገኛ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ አድጎም ትንንሾቹን ይበላል። ባይመጣ ይሻላል። የታመመ ዓሳም ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦርከና አትልቀቁ፤ የሞተውን ቅበሩ።

## ሁሉንም አድርጋችሁ አሁንም ከሞቱ

ሊሞት የደረሰ ወይም ከሞተ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ዓሳ በንጹሕ ላስቲክ አድርጋችሁ በረዶ አጠገብ አኑሩት፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ። የአኳሪየሙን ውሃ በታጠበ ሃይላንድ ለብቻው ቅዱ። ደብተራችሁን ያዙ። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ፤ ቀድማችሁ ጠይቃችሁ ሂዱ። «ሞቱብኝ» ከማለት ይልቅ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ የኪቱን ቁጥር ካሳያችሁ የሚረዳችሁ ሰው መነሻ ያገኛል።

ሁሉም ካለቁ፣ ምክንያቱ መርዝ ወይም ነቀርሳ ከነበረ ስፖንጁንም ጠጠሩንም ጣሉ፣ መስታወቱን በበረኪና አጥባችሁ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቃችሁ፣ ፀሐይ ላይ 3 ቀን አድርቁ። አሞኒያ ከነበረ ግን ምንም አትጣሉ። ፊልተሩ እየሠራ ይቆይ፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር ምግብ ጣሉበት፣ ባክቴሪያው እንዳይራብ። አሞኒያና ናይትራይት ለ7 ተከታታይ ቀን 0 ሲሆኑ 2 ዓሳ ብቻ አስገቡ። ሦስተኛውን ከመጨመራችሁ በፊት 3 ሳምንት ጠብቁ።